የየብስ ጀልባ፤ ያረጀ የዶርዜ ቤት እንዴት እንደሚታደስ

ጣና ዳር ቆሞ የታንኳ ቀዛፊዎችን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቀዛፊው ጉዞውን ሲጨርስ ታንኳውን ውኃው ላይ ትቶት አይሄድም፤ ወደ ደረቁ ጎትቶ አውጥቶ ለፀሐይና ለነፋስ ያሰጣዋል። ደንገል ውኃ ከጠጣ ይከብዳልና፤ ሳይደርቅ ከከረመም ይበሰብሳልና ነው። በሌላው ዓለም አሮጌ የሸራ ጀልባዎችን የሚያድሱ ሰዎችም የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ጀልባውን ከውኃ ያወጡታል፤ ሆዱ ላይ የተጣበቀውን የውኃ ሣርና ቅርፊት ያላቸውን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይፍቁለታል፤ ሳንቃውን በመዶሻ እያንኳኩ የበሰበሰውን ከጤነኛው ይለያሉ፤ የበሰበሰውን ቆርጠው ይጥላሉ፤ የቀረውን አድርቀው፣ ስንጥቁን ደፍነው፣ በቀለም ሸፍነው ወደ ውኃው ይመልሱታል። እንግዲህ ያረጀ ቀፎ እድሳት በአራት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል፤ ማጽዳት፣ መመርመር፣ መቁረጥና ማልበስ ናቸው።

«የጀልባ ነገር ለጨንቻ ምኗ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳምና ጉማም ከተማ ናት። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዘው ይደርሱባታል፤ አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር በፊትም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርዕሰ ከተማ ነበረች። ሰማዩ ጠርቶ በሚውልበት ቀን ከመንገዱ ዳር ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ዓባያና ጫሞ ይታያሉ፤ ነገር ግን ውኃው ያለው 1,500 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። ሆኖም በዚያ ደጋ ላይ፣ በተለይ በዶርዜ፣ ተገልብጦ መሬት ላይ የተደፋ ትልቅ ጀልባ የሚመስል ነገር በየአጥሩ ግቢ ቆሞ ይታያል። እርሱም የዶርዜ ቤት ነው። እንግዶች ከፊት ለፊት አይተውት፣ ወደ ፊት ሾጠጥ ብሎ የወጣውን ደጃፉን እንደ ኩምቢ በመቁጠር፣ ዝሆን ይመስላል ይላሉ። እኔ ግን ጀልባ ብዬዋለሁ። ምክንያቴም መልኩ ብቻ አይደለም፤ የሚያረጅበት መንገድና የሚታደስበት ዘዴ የጀልባን ስለሚመስል ነው።

አሠራሩ

የቤቱን እድሳት ለመረዳት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኛው ደጋ አገራችን የምናውቀው ክብ ጎጆ ግድግዳና ጣሪያው የተለያዩ ናቸው። ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ ይቆማል፤ ጣሪያው ለብቻው ተዋቅሮ ይከደንበታል። የዶርዜ ቤት ግን ግድግዳውና ጣሪያው አንድ ናቸው። ረጃጅም ቀርከሃዎች በክብ መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በመካከላቸው አንዱን በውስጥ አንዱን በውጭ እያሳለፉ እየጠለፉ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያጠበቡ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ይሠሩታል። ለሸማኔ አገር ሰው በሸማኔ ቋንቋ ለመናገር ያህል፣ የቆመው ቀርከሃ ድር፣ የተጋደመው ስንጥቅ ማግ ነው። ይህን ቤት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጻፈችው አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጁዲት ኦልምስቴድ ለጽሑፏ በሰጠችው ርእስ ቤቱን የቀርከሃ ቅርጫት ብላዋለች። ስያሜው ትክክለኛ ነው። ቅርጫት ክብደቱን በአንድ ምሰሶ ላይ አይጥልም፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ከጐረቤቱ ጋር ተካፍሎ ይሸከመዋል። ትልልቆቹ ቤቶች በድሮ ጊዜ እስከ 12 ሜትር ቁመት ይደርሱ ነበር ይባላል፤ ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ ከዚያ በጣም ያጠሩ ናቸው። ለምን እንዳጠሩ ከታች እንደርስበታለን።

ጠላቶቹ

ቀርከሃ እንጨት ቢመስልም እንጨት አይደለም፤ ከጤፍና ከስንዴ ጋር ከአንድ ወገን የሚቆጠር ሣር ነው። ሙሉ ቁመቱን የሚጨርሰው በጥቂት ወራት ነው፤ ለመጠንከር ግን ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የውጭ ቆዳው ጠንካራና ለስላሳ ስለ ሆነ ውኃ በቀላሉ አያሳልፍም። የውስጡ ሥጋ ግን የምግብ ክምችት አለው፤ ያ ክምችት ለሰው ባይጠቅምም ለነቀዝና ለሻጋታ ማዕድ ነው። ስለዚህ ያልበሰለ ለጋ ቀርከሃ የቆረጠ ሰው ቤት እየሠራ ሳይሆን ነቀዝ እየቀለበ ነው ማለት ይቻላል።

የቤቱ ጠላቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው እርጥበት ነው፤ እርጥበት ራሱ ቀርከሃውን አይበላም፤ ነገር ግን ለሻጋታ በሩን ይከፍታል። ሁለተኛው ምስጥ ነው፤ እርሱም ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ነቀዝ ሲሆን፣ ይህ ከመሬት ሳይሆን በአየር መጥቶ የደረቀውን ቀርከሃ ሳይቀር ይቦረቡራል። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ማለትም እርጥበትና ምስጥ፣ የሚበረቱት ቀርከሃው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። የእንጨት ጀልባ የሚታመመው ውኃና አየር በሚገናኙበት አካባቢ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዶርዜ ቤትም የሚታመመው አፈርና አየር በሚገናኙበት በእግሩ ላይ ነው። ከእግሩ በላይ ያለው ትልቁ አካል ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ሆኖ ሳለ፣ እግሩ ይሞታል።

ማጽዳትና መመርመር

እድሳቱ የሚጀምረው በጽዳት ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተከመረው አፈር፣ የበቀለው ሣር፣ የተደፋው ፍግና የእንሰት ግልፋፊ ሁሉ ይጠረጋል። ይህ ለማማር ብቻ የሚደረግ አይደለም። አንደኛ፣ ያ ሁሉ ክምር እርጥበት ይዞ ግድግዳው ላይ ያስተኛል፤ ሁለተኛ፣ ምስጥ ሳይታይ የሚወጣበት መሰላል ይሆናል፤ ሦስተኛ፣ እግሩ ካልተገለጠ በሽታው ሊታይ አይችልም። ውኃ ሩቅ እንዲሄድም የቦዩ አፈር ይወጣል።

ከዚያ ምርመራው ይቀጥላል። ምርመራው ዓይን፣ ጆሮና ጣት ይፈልጋል። በቀርከሃው ላይ እንደ ደም ሥር የተሳበ የጭቃ መስመር ከታየ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ተከምሮ ከተገኘ ነቀዝ ነው። ጣት ወይም የቢላዋ ጫፍ ያለ ችግር ከሰረገ ሻጋታ ነው። በእንጨት ቁራጭ ሲያንኳኩት ጤነኛው ቀርከሃ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ዱም ብሎ ይቀራል። አሮጌ ጀልባ የሚያድስ ሰው መዶሻውን ይዞ ሳንቃ ሳንቃውን የሚያንኳኳው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያንኳኩትም ሰዎች አይተዋወቁም፤ አንዱ ከሌላው አልተማረም። ተመሳሳይ ችግር ተመሳሳይ ብልሃት አስተማራቸው።

በሽታውን ለይቶ ማወቁ የሚጠቅመው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ብልሽቱ እግሩ ላይ ብቻ ከሆነ ቤቱ ይቆረጣል። ብልሽቱ ከላይ፣ ከክዳኑ በታች ከሆነ፣ ጥፋቱ የሚያፈሰው ክዳን ነውና ክዳኑ ይለወጣል። ነቀዙ ግን አካሉን በሙሉ ከወረሰው፣ ያ ቤት ለማገዶ ካልሆነ በስተቀር ለሌላ አይበቃም።

መቁረጥና ማንሣት

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። እግሩ የተበላ የዶርዜ ቤት አይፈርስም፤ የተበላው እግሩ ተቆርጦ የቀረው ይወርዳል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ቤቱ ቅርጫት ስለ ሆነ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ቢቆረጥ ይሰነጠቅና ይናዳል፤ ቅርጫት ግን ከሥሩ ቢቆረጥ አጠር ያለ ቅርጫት ከመሆን በስተቀር የሚደርስበት ነገር የለም።

ሥራው በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ዕቃውና ከብቱ ከቤቱ ይወጣል። ቀጥሎ ጤነኛው ክፍል ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ፣ ግድግዳው በጠንካራ ቀርከሃ ዙሪያውን ይታሰራል፤ ይህ መቀነት ነው። መቀነቱ ከሌለ ቤቱ በሚነሣበት ጊዜ ክብነቱን ያጣል፤ አንድ ቦታ ከተጎበጠ ደግሞ ጠለፋው ይፈታል። ከዚያ ረጃጅም አግዳሚዎች ገብተው ይታሰሩና የበሰበሰው እግር ዙሪያውን ይቆረጣል። ቤቱ በቦታው ዝቅ የሚል ከሆነ ያወርዱታል። የቆመበት አፈር በምስጥ የተወረረ ከሆነ፣ ወይም ባለቤቱ በሌላ ምክንያት ቦታ መለወጥ ከፈለገ ግን፣ ሰዎች በአግዳሚዎቹ ሥር ገብተው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ይወስዱታል።

ልጅ ሳለሁ የአያቴ ቤት ሲነሣ አይቻለሁ። ጧት የነበረበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክብ ሆኖ ቀረ፤ በመካከሉ የምድጃው አመድ ብቻ ይታይ ነበር። ከውጭ ሆኖ ላየው ሰው ቤቱ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል፤ ተሸካሚዎቹ በውስጥና በሥሩ ስለሚሆኑ ብዙ አይታዩምና። አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆነው ድምፃቸውን እየሰጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ በአንድ ጊዜ ያርፋል። እኔም «አባባ፣ ቤቱ ስላረጀ ነው የምታነሡት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ አያቴ በጋሞኛ የመለሱልኝ ቃል እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። «ቤቱ አላረጀም፤ ያረጀው እግሩ ነው» አሉኝ።

በአዲሱ ቦታ ቤቱ ከተተከለ በኋላ ደጃፉ ይስተካከላል። ከሥሩ ስለተቆረጠ በሩ አጥሯል፤ ስለዚህ ከላይ ተጨምሮ ይከፈታል። እንግዲህ ትልልቆቹ ቤቶች ለምን እንዳጠሩ አሁን ግልጽ ነው። ለምሳሌ ያህል 9 ሜትር ሆኖ የተሠራ ቤት በየጊዜው ግማሽ ግማሽ ሜትር ቢቆረጥ፣ ስድስት ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ 6 ሜትር ይሆናል። የቤቱን ዕድሜ ማወቅ የፈለገ ሰው ቁመቱን መመልከት ይበቃዋል። በጥንቃቄ የተያዘ ቤት የአንድን ሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰው በልጅነቱ አጭር ሆኖ ጀምሮ ይረዝማል፤ የዶርዜ ቤት ግን ረጅም ሆኖ ተወልዶ እያጠረ ያረጃል።

ማልበስ

የቤቱ ልብስ አዲስ ቀርከሃ ሲያድግ ከአካሉ የሚያራግፈው ልባስና የእንሰት ቅጠል ነው። አለባበሱ ከታች ወደ ላይ ነው፤ የላይኛው ድርብ የታችኛውን እየሸፈነ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባል። ከላይ ወደ ታች ቢሠራ ኖሮ ውኃው በድርቦቹ መካከል ይገባ ነበር። ጨንቻ በበልግም በክረምትም ዝናብ ያላት አገር ናት፤ የቤቱ ጫፍ እንዲያ የሾለውም ዝናቡ ሳይቆም ቶሎ እንዲወርድ ነው። ልብሱ ከአካሉ በፊት ስለሚያልቅ በየጊዜው ይለወጣል፤ ልብሱን መለወጥ የሰነፈ ሰው አካሉን ያጣል።

ጢስ

እስካሁን የተናገርነው አልፎ አልፎ ስለሚሠራ ሥራ ነው። ነገር ግን ቤቱን በየቀኑ የሚያድሰው አንድ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም ጢስ ነው።  ምድጃው ከመካከል ይነድዳል፤ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በጉልላቱ ውስጥ ተዘዋውሮ፣ በክዳኑ ድርቦች መካከል ቀስ ብሎ ይወጣል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ በሙሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህ ጢስ ቀርከሃውን ያደርቀዋል፤ ነፍሳትን ያባርራል፤ ጥላሸቱም እየተጣበቀ ጥቁር ቅባት ሆኖ ይሸፍነዋል። የባሕር ጀልባ በቀለምና በሬንጅ የሚያገኘውን መከላከያ፣ የየብሱ ጀልባ ከእራት ማብሰያው እሳት ያገኘዋል። በዚህም ምክንያት ሰው የሚኖርበት የዶርዜ ቤት ብዙ ዓመት ሲቆም፣ ሰው ጥሎት የሄደ ቤት በአጭር ጊዜ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። ቤቱን የሚያድነው ጢስ ሰውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በቤት ውስጥ በሚነድድ እንጨትና ኩበት ጢስ ሳቢያ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይሞታል፤ ይበልጡን የሚጎዱትም ምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ሴት አያቴ በእርጅናቸው ዘመን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሳይጠርጉ ያየኋቸው ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የአባቶቻችን ቤት ይጠበቅ» ብሎ ሲናገር፣ የጥበቃውን ዋጋ በዓይኑ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት።

የቴሴውስ መርከብና የኛ ቤት

የፍልስፍና ትምህርት የወሰድን ተማሪዎች የቴሴውስን መርከብ ታሪክ እናውቃለን። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠበቋት፤ አንዱ ሳንቃ ሲበሰብስ በሌላ እየተኩ ኖሩ። በመጨረሻም ፈላስፎች «ይህች መርከብ ያችው ናት ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩባት ጀመር። የዶርዜ ቤት ለዚህ ክርክር ሌላ መልክ ይሰጠዋል። የቴሴውስ መርከብ ቅርጿን ጠብቃ አካሏን ለወጠች፤ የዶርዜ ቤት ግን ልብሱን ቢቀይርም አካሉን ጠብቆ ቁመቱን ይለቅቃል። የቀረው ቀርከሃ ያው የመጀመሪያው ቀርከሃ ነው። አንዱ መታደስን እንደ መተካት ያየዋል፤ ሌላው እንደ መቀነስ።

ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ። ቫሳ የተባለችው የስዊድን የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጠመች፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባሕር ወጣች። እንጨቷ እንዳይሰነጠቅ ለ17 ዓመታት ያህል ያለማቋረጥ ኬሚካል ተረጨባት። ዛሬ በስቶክሆልም ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች፤ የሙቀቱና የእርጥበቱ መጠን ቀንና ሌሊት ይጠበቅላታል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥበቃ ለሞተ ቀፎ የሚደረግ ነው፤ ከባድ ገንዘብም ይጠይቃል። የዶርዜ ቤት ግን የሚጠበቀው በሦስት ርካሽ ነገሮች ነው፤ በምድጃ፣ በቀርከሃና በጐረቤት።

ችግሩ ሦስቱም እየጎደሉ መምጣታቸው ነው። ምድጃው ወደ ተለየ ማብሰያ ቤት ሲወጣ ለጤና መልካም ነው፤ ትልቁ ቤት ግን ጢሱን ያጣል። በየአጥሩ ጥግ ይተከል የነበረው ቀርከሃ ቦታውን ቶሎ ገንዘብ ለሚያመጣው ባሕር ዛፍ የሚለቅበት ግቢ ብዙ ነው። ጐረቤቱም በቦታው የለም፤ የዶርዜ ጎልማሳ በሽሮ ሜዳና በሌሎች ከተሞች ሸማ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል በዓል ይመለሳል፤ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ቤቱን የሚያነሣው የሰው ድር ነበረ፤ ያ ድር ሲሳሳ፣ እግሩ የተበላው ቤት የሚያነሣው አጥቶ በቆመበት ይወድቃል። በምትኩ ቆርቆሮ ይመጣል። ቆርቆሮን አልነቅፍም፤ የሚከድነውን ሰው ምክንያት አውቃለሁ። ነገር ግን የቆርቆሮ ቤት ሲያረጅ እግሩን ቆርጦ የሚያድነው ጥበብ የለም።

ምን ይደረግ?

ታዲያ እኛ ተማሪዎች ምን ማድረግ እንችላለን? ሁለት ሞኝነቶችን መሸሽ አለብን። አንደኛው ቤቱን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማፈር ነው፤ ሁለተኛው በጢስ የሚያለቅሱትን ሳናስብ ለጎብኚ ዓይን ብቻ እንዲቆም መመኘት ነው። በሁለቱ መካከል ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። ቀርከሃን ከነቀዝ ለመጠበቅ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በውኃ በጥብጦ መንከር በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። እግሩን በአፈር ፈንታ በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ ምስጥንና እርጥበትን ያርቃል። ምድጃው ጢሱን ለቀርከሃው እየሰጠ ለሰው ዓይን ግን እንዳይደርስ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ፣ የምሕንድስናና የጤና ተማሪዎች አብረው ሊመራመሩበት የሚገባ ጥያቄ ነው። የኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ድርሻ ደግሞ ለመስቀል ወደ አገር ቤት በምንሄድበት ጊዜ ደብተርና ሜትር ይዘን መሄድ ነው። የቤቶቹን ቁመት መለካት፣ ስንት ጊዜ እንደ ተቆረጡ ባለቤቶቹን መጠየቅ፣ መቀነቱ እንዴት እንደሚታሰር ከሚያውቁት አባቶች ቃል በቃል መጻፍ ይገባናል። ቤት የሚያነሣ ሰው ሲጠፋ ቤቱ ይወድቃል፤ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ግን የሚጠፋው ጥበቡ ነው፤ እርሱን ደግሞ ማንም ተሸክሞ ሊመልሰው አይችልም።

አያቴ «ያረጀው እግሩ ነው» ብለዋል። የወረስነው ነገር ሁሉ በሙሉ አልበሰበሰም፤ በሙሉም ጤነኛ አይደለም። የተማረ ሰው ሥራ አንኳኩቶ መለየት ነው፤ የበሰበሰውን ሳይሳሱ መቁረጥ፣ ጤነኛውን ሳይጥሉ ማንሣት። ለዚህም ሥራ በመጪው መስቀል ትከሻ የሚያዋጣ ሁሉ ይምጣ።